ሁለት ጊዜ የሞተች እናት

የጡረታ ደብዳቤዬን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። የኮሌጃችን ዲን አባ ሚካኤል ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እትዬ ሙሉ፣ መቼም ከእርስዎ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለንም፤ ይቺን የመጨረሻዋን ደግሞ…» ብለው አፍረው ሲያቋርጡት ገባኝ። ቁጭ ብዬ «ላበረከቱት የረጅም ዘመን ቅንና ታታሪ አገልግሎት» ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። «ቅንና» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሁለት ጊዜ መለስኳት። አባ ፈረሙበት፣ እኔ ማኅተም መታሁበት፣ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከዚያም ራሴ ፈርሜ ተቀበልኩ። የሥራ ዘመኔ በዚህ ሁኔታ አለቀ።

ቤቴ አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ከተማ ሴቻ ነው። ለገበያ ወደ ሲቀላ በወረድኩ ቁጥር ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ «እትዬ ሙሉ!» ብሎ ሒሳቤን ይከፍልልኛል። አንዱ ነርስ ሆኗል፣ አንዷ አካውንታንት ናት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሹፌሩ ራሱ የእኛ ተማሪ የነበረ ይሆናል። «አስታወሱኝ?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ፊት መያዝ ላይ ደካማ ነኝ፤ እኔ የምይዘው ፋይል ነው። «የአባትህን ስም ንገረኝ» እላለሁ። ሲነግሩኝ ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበሩ፣ የትኛውን ትምህርት እንደወደቁ ሳይቀር ይመጣልኛል። እነሱም ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

የአንዲት ልጅ ግን ፋይሏ ሳይሆን ፊቷ ነው ከዓይኔ የማይጠፋው። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መካከል ተመልሼ ብቀደው የምወደው አንድ ደብዳቤ አለ፤ ስለ እሷ የተጻፈው ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለ እሱ ለመናገር ነው፤ ሥራዬን ሳልነግራችሁ ጥፋቴን ብነግራችሁ ግን አይገባችሁም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት በግብርና ሥራ የተመደበውን ባለቤቴን ተከትዬ ነው። «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ብሎኝ ነበር። ነፍሱን ይማረውና እሱም እዚሁ ተቀበረ፣ እኔም ሙቀቱን ለምጄው ቀረሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁልፍ አልነበረውም፤ «ሙ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ «መ»ን መትቶ ቅጥያዋን ለብቻ መለጠፍ ነበር። ስለዚህ ቃል በችኮላ አይጻፍም ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ጣት ላይ ያርፋል። እዚያ አለቃዬ የነበሩት ሰው የመጣላቸውን ማመልከቻ ሁሉ «ይታይ» ብለው ይመሩ ነበር። ማን እንደሚያየው አይጽፉም። ስለዚህ ማንም አያየውም ነበር።

ካቶሊኮች ትንሽ ኮሌጅ ሊከፍቱ ነው፣ ጸሐፊ ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። ጎረቤቶቼ «ሙሉ ልትቀየር ነው» አሉ። የቀየርኩት ደመወዝ እንጂ ሃይማኖት አይደለም፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልተቀየረም።

ካቶሊክ ኮሌጅ ይባል እንጂ ከተማሪዎቹ ካቶሊኩ በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኛው ጴንጤ ነው፤ ቀሪው እንደኔ ኦርቶዶክስ ነው። የረቡዕ ቅዳሴ ላይ መገኘት ግዴታ አልነበረም፤ መዝሙሩን ግን የሚያደምቁት ጴንጤዎቹ ነበሩ፣ ድምፅ ስላላቸው። ወጥ ሠሪያችን በየጠዋቱ ብቅ ብላ «ዛሬ የማን ጾም ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የቆላዋ የላንቴ ልጆች ከቤታቸው ሲመጡ የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከደጋ የሚመጡት ደግሞ የመጀመሪያውን ወር በሙቀቱ ሲተኙ ነው የሚያሳልፉት። የሴቶቹ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ማንጎ ነበር፤ በማንጎው ላይ ጦጣዎች ነበሩ። አንዴ አንዲት ልጅ «የባዮሎጂ ደብተሬን ጦጣ ስለወሰደብኝ ፈተናው እንዲራዘምልኝ» ብላ በጽሑፍ አመለከተች። እኔ ሳቅ አፈነኝ። ሲስተር አጋታ ግን ማመልከቻውን ይዘው ተነሡ፣ ማንጎው ሥር ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ፈለጉና የተቀዳደደ ቅጠል ይዘው ተመለሱ። ላዩ ላይ የልብ ሥዕል ነበረበት። «እውነቷን ነው» አሉ። ለልጅቷ ፈተናው በሦስተኛው ቀን ተሰጣት።

ሲስተር አጋታ የኮሌጁ የመጀመሪያዋ ሬጅስትራር ነበሩ። የከምባታ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ ኪሳቸው ውስጥ ምን ጊዜም ሁለት እርሳስ የማይጠፋ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ካስተማሩኝ ውስጥ ግማሹ መመሪያ ላይ የለም።

ለቆመ ተማሪ መልስ አይሰጡም ነበር። ቢሯቸው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ «ቁጭ በል»፣ «ቁጭ በይ» ይባላል። ለመከልከል እንኳ ቢሆን አስቀምጠው ነው የሚከለክሉት። «የቆመ ሰው የሚናገረው ሊሄድ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ነው ሊነግርሽ የመጣው» ይሉ ነበር። ስለ ተማሪ የሚጻፍ ነገር ደግሞ መጀመሪያ በእርሳስ ይጻፋል፤ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ነው በቀለም የሚገለበጠው። ስንቱን ተግሣጽ ጠዋት በላጲስ ሲያጠፉት አይቻለሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ምዝገባው ነበር። ቅጹ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ በሕይወት አሉ ወይስ የሉም ብሎ ይጠይቃል። ሲስተር እሱን ሞልተው ሲያበቁ መነጽራቸውን ያወልቁና ልጁን ቀና ብለው እያዩ «ማን አሳደገህ?» ይላሉ። መልሱን በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። «አያቱ፣ ላንቴ።» «ታላቅ እህቷ፣ ጨንቻ፣ ሸማኔ ያገባችው።» አንዱ ጋ «ራሱ» ብቻ የሚል ነበር። እሱ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሲስተሮቹ ወጥ ቤት ቁርስ ሲበላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ጠርዙን ካየሁ በኋላ ነው።

«ይሄ መመሪያው ላይ የለም እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አባትና እናት ለመንግሥት ነው» አሉኝ። «ይሄ ለእኔ ነው።»

ሲስተር አርጅተው ወደ ማኅበራቸው ቤት ሲሄዱ ቦታው ለእኔ ተሰጠ። በዚያው ሰሞን ኮምፒውተርና የመመዝገቢያ ፕሮግራም መጣልን። እኔም ታጥቄ ተነሣሁ። የድሮውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ አስገባሁት። ጠርዙ ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ ግን የት ይግባ? ሳጥን የለውም። ለአዲስ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ መጠየቁን ተውኩት። ቢሮውም ታደሰ፤ አግዳሚው ወጣ፣ በምትኩ መሐሉ ክብ ቀዳዳ ያለው መስታወት ተገጠመ፤ ተማሪው ደጅ ቆሞ በቀዳዳው ያናግረኛል። ድሮ ሳምንት ይፈጅ የነበረውን ትራንስክሪፕት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አትሜ መስጠት ጀመርኩ። ሁሉም አመሰገነኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

ታደለች ሻንካ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከካምባ ወዲያ፣ በእግር ከሚገባበት መንደር። የነርሲንግ ተማሪ ነበረች፤ ወጪዋን የሚሸፍንላት የአካባቢዋ ቁምስና፣ ማለትም የካቶሊኮቹ ደብር፣ ነበር። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ድምጿ አይሰማም። ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ የማጠቃለያ ፈተናው ሰኞ ሊጀመር፣ ዓርብ ጠዋት መስታወቱ ጋ መጣች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በፈተና ሰሞን በእኛ ዞን አያት አይበረክትም። ሳያጠና የቀረ ልጅ ሁሉ አያቱን ይገድላል። አንድ ጎረምሳ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት አያት ቀብሮብኛል። ስለዚህ ጆሮዬ ጠጥሮ ነበር። ያ ሰበብ አይሆነኝም፤ ግን እንደዚያ ነበር።

«እትዬ፣ እናቴ ሞተ» አለችኝ።

«‹ሞተች› ነው የሚባለው» አልኳት።

እዚህች ላይ ቆም ልበል። የጋሞ ልጆች አማርኛ ሲናገሩ «እሱ»ና «እሷ» እየተምታቱባቸው እንደሚቸገሩ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። እናቴ ሞተ ላለች ልጅ ግን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ሰዋስው ነበር። ምላሴን በቆረጠው።

«ሞተች» አለች፣ ተማሪ ስለሆነች።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «ታደለች ሻንካ፤ እናት፣ በሕይወት የለችም» ይላል።

«እናትሽ ስትመዘገቢም ሞታለች እኮ፣ ልጄ። ይኸው ተጽፏል።»

«አዎ» አለች።

«ታዲያ እናት ስንት ጊዜ ነው የምትሞተው?»

ትንሽ አሰበች። የሒሳብ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ከልቧ አሰበች። ከዚያ «ሁለት» አለችኝ።

ከኋላዋ ወረፋ የያዙ ልጆች ሳቁ። ያሾፈችብኝ መሰለኝ። «ሂጂ፣ ፈተናሽን አጥኚ» ብዬ ወደ ቀጣዩ ዞርኩ። ትንሽ ቆየች። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አይቻለሁ፤ ያ ነው ከዓይኔ የማይጠፋው። ቃሉን በአማርኛ ስትፈልገው አጣችውና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ሳትይዝ በካምባ አውቶቡስ ሄዳለች። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ ማጠቃለያ ፈተና የቀረ ተማሪ ይሰናበታል፤ መመሪያው ግልጽ ነው። ደብዳቤውን ፈተናው ባለቀ ዕለት ጻፍኩት፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደርኩትም። «ወላጅ እናቷ ቀደም ሲል በሞት የተለዩ መሆናቸው በማኅደሯ ተረጋግጦ ሳለ፣ እናቴ ሞተች በማለት ሐሰተኛ ምክንያት በማቅረብ…» እያለ የሚቀጥል፣ እንከን የሌለው ደብዳቤ ነበር። አባ ሚካኤል በእኔ አምነው ፈረሙ። ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦» ብዬ ለሚረዳት ቁምስና በፖስታ ላክሁ። ወጪ የሚሸፍን ክፍል ይወቅ ተብሎ የሚደረግ የተለመደ ነገር ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ሽማግሌ መስታወቱ ጋ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የቁምስናዋ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነኝ አሉ፤ ጴጥሮስ ይባላሉ።

«ይሄ ደብዳቤ ማን ጻፈች?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት» አሉ።

ወጥቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። የማስቀምጥበት አጣሁና የራሴን ወንበር ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«ለቅሶ ቤት ነበርን። ከኮሌጅ ደብዳቤ መጣ ተባለ። የማጽናኛ መስሎን ደስ አለን። ኮሌጁ ድረስ ሀዘናችንን ሰማ ብለን ሰው ሁሉ ዝም አለ። ጴጥሮስ አንብብ አሉኝ። በአማርኛ አነበብኩ፣ በጋሞኛ መለስኩ። መሐል ስደርስ ገባኝ። ገባኝ፣ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ ማቆም አቃተኝ።»

ውኃ ቀዳሁላቸው።

«የወለደቻት ሴትዮ በአራስነቷ ነው የሞተው» አሉ። «ጡት ያጠባው የእናቷ እህት ነው። ከራሷ ልጅ ጋር፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ። እሷ ናት እናቷ። ሌላ እናት አታውቅም። አሁን የሟቿ ልጆች ኮሌጁ እናታችንን እናትሽ አይደለም ብሏል፣ አንቺ ነሽ እንደዚያ ብለሽ ያስመዘገብሽ፣ በእናታችን አፍረሽባት ነው እያሉ ነው። ልጅቷ አይመልስም። ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። ትምህርት አልፈልግም ብሏል።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን እያገላበጡ፣ ያለ አንዳች ቁጣ፣ «ሁለት እናት ያለው ሰው በኮምፒውተር እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ለማወቅ ነበር የጠየቁት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቼ ሲስተር አጋታ ጋ ደወልኩ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ጮክ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ስጠብቅ «ማን አሳደጋት?» አሉኝ።

«አክስቷ ናት። አሁን ነው የሰማሁት።»

«ጠርዙ ላይ ምን ይላል?»

«ጠርዝ የለውም፣ እናቴ። ኮምፒውተር ነው።»

«ሙሉ» አሉኝ፣ «እኔ ኮምፒውተሩን አላስተማርኩትም። ያስተማርኩት አንቺን ነው።»

አለቀስኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። የበደልኳት ልጅ ምንም አላደረገችኝም፤ የጠየቅኳትን ጥያቄ ነበር በትክክል የመለሰችልኝ።

አባ ሚካኤል ጋ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እሳቸውም ሳያነቡ በመፈረማቸው ጥፋቱን ተካፈሉ። የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ተሰብስቦ ስንብቱን ሻረ፤ የቀሩባት ፈተናዎች ከሐሙስ ጀምሮ እንዲሰጧት ወሰነ። ከዚያ ሊራዘም አይችልም፤ የክረምቱ የሆስፒታል ልምምድ ይጀመራል። ሐሙስ ካልተገኘች ዓመቱ ያልፋታል፣ ቁምስናውም ገንዘቡን ለሌላ ልጅ ያዞረዋል። «የማስተካከያ ደብዳቤ ይጻፉና ቶሎ ይላክ» አሉኝ አባ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የደብዳቤ ወለምታ ደግሞ ግልባጭ አለው። «አባ፣ ያ ደብዳቤ በሰው ፊት ነው የተነበበው» አልኳቸው። «ይሄኛውም በሰው ፊት መነገር አለበት። ፈቃድ ይስጡኝ፣ እሄዳለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት በካምባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የካምባ ልጆችን ስመዘግብ ካምባን ረግጬው አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ካምባ የአድራሻ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ቃል ነበር። መንገዱ ወገቤን ፈታው። አስቀድሜ ደውዬላቸው ስለነበር ጋሽ ጴጥሮስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠብቀውኝ ነበር። ከዚያ በእንሰቱ መሐል ለመሐል በእግር ነው። ልጅቷ ለትምህርት ስትመጣና ስትሄድ ይህን መንገድ ሻንጣ ተሸክማ እንደምትወጣው ያሰብኩት ያን ቀን ነው። በየመሐሉ እየቆምኩ እተነፍሳለሁ፤ ጋሽ ጴጥሮስ እንዳላፍር እሳቸውም የደከሙ ይመስላሉ።

«እናት በእናንተ ምንድን ነው የሚባለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አዮ» አሉኝ።

«አዮ፣ አዮ» እያልኩ ወጣሁ።

ግቢው ልንደርስ ስንል ጋሽ ጴጥሮስ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጩና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ያዢ» አሉ። «በእኛ ሀገር ሳር ይዞ የመጣ ሰው ሳይሰማ አይመለስም።» በሌላው እጄ የማስተካከያውን ደብዳቤ ይዤ ነበር። እሱን አይተው «ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ይግባ» አሉኝ። አስገባሁት።

ሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። የሟቿ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። ልጆቻቸው ከጎናቸው ናቸው። ሳሩን አይተው ሁሉም ዝም አሉ። ተንበርከኩ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ተንበረከክሁ። ታደለች ቤቱ በር ሥር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ድምፄን ስትሰማ አልዞረችም።

ሽማግሌው በጋሽ ጴጥሮስ በኩል ጠየቁኝ። «ደብዳቤው ያለውን እንደገና ትበል ይላል።»

ከዚያ የከበደ ነገር በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ቃል በቃል አልኩት፤ በቃሌ ነበር የማውቀው። «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል ጋሽ ጴጥሮስ ሲተረጉሙት የሴቶቹ ትንፋሽ ተሰማኝ።

«አሁንስ ምን ትላለች? ይላል።»

«ያ ደብዳቤ ውሸት ነው» አልኩ። «ታደለች እንደዚያ ብላ አላስመዘገበችም። የወለደችሽ አለች ወይ ተባለች፣ የለችም አለች። ማን አሳደገሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሷ እናቴ ሞተች ብላ ነው የመጣችው፤ ዋሸሽ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጴጥሮስ በጋሞኛ መለሱት። ያኛውንም የሰሙት በእሳቸው አፍ ነበርና ይሄኛውን ቢያንስ አንዲት ቃል ከራሴ አፍ እንዲሰሙ ፈለግሁ። ከግቢው ጥግ ወደሚታየው አዲስ መቃብር እጄን ዘርግቼ «አዮ» አልኩ። «የታደለች አዮ።» የቀረውን በእነሱ ቋንቋ ልቀጥል ሞክሬ ምን እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው። ማንም አላረመኝም።

ሽማግሌው ተነሥተው ሳሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። አንዷ ሴት ልጃቸው ማልቀስ ጀመረች፤ ከታደለች ጋር አንድ ጡት የተጋራችው እሷ እንደሆነች በኋላ ሰማሁ። ሽማግሌው ወደ በሩ እያመለከቱ የሆነ ነገር አሉ።

«በእኛ በኩል አልቋል ይላል» አሉኝ ጋሽ ጴጥሮስ። «የቀረው የእሷ ነው።»

ተነሥቼ በሩ ሥር ሄድኩና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። 

«ታደለች» አልኳት፣ «ስንት ጊዜ ብዬ ጠየቅኩሽ። እውነቱን ነገርሽኝ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳልልሽ ሰደድኩሽ። የሁለቱንም ነፍስ ይማር፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። እጇን አልሰጠችኝም። እንባዋ ብቻ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ እሷም አልጠረገችውም፣ እኔም ልጠርግላት አልደፈርኩም። እህቷ መጥታ በሌላው ጎኗ ተቀመጠችና ትከሻዋን ያዘቻት። በመጨረሻ ታደለች ፊቷን ከግድግዳው ላይ መለሰች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ፈተናው መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አልኳት። «ሐሙስ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል።»